በመነጽር ውስጥ የገጨኋት ሴት

ሰው ገጭቻለሁ። የገጨሁትም ሸዋ ሮቢት ከተማ ዳር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድም ጎማ በሌላት መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነው። ይህን ሳወራ የማይስቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እናንተም ሳቁ፣ አልቀየምም፤ እኔም ሌላ ሰው ቢያወራልኝ እስቅ ነበር። ብቻ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ።

ደምሴ እባላለሁ። በወጣትነቴ አሥራ አንድ ዓመት የጋሼ ወርቅነህ ረዳት ነበርኩ። የከባድ መኪና ረዳት ምን እንደሚሠራ ለማያውቅ ልንገር፤ ሸራ ያስራል፣ ጎማ ይፈታል፣ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ታኮ ድንጋይ ይወሽቃል፣ ሾፌሩን እንቅልፍ እንዳይጥለው ወሬ ያወራል። በዚህ በመጨረሻው ሥራ ማንም አይደርስብኝም ነበር። ጋሼ ወርቅነህ ደግሞ ዝምተኛ ናቸው። እኔ ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ስለፈልፍ እሳቸው ሦስት ቃል ቢናገሩ ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ "ዝም በል" ናቸው።

ከሁሉ የማይረሳኝ የጣርማ በር ቁልቁለት ነው። ዋሻውን ስናልፍ ጉሙ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፣ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ደብረ ሲና ስንደርስ አንዱን ሹራብ አወልቃለሁ፤ አርማንያን ስናልፍ ሁለተኛውን። ከዚያ ጋሼ መስኮቱን ዝቅ ያደርጉና የይፋት ሙቅ አየር የማሽላና የአቧራ ሽታ ይዞ ፊታችንን ሲመታን "ሰው የሚኖርበት አገር ገባን" ይላሉ። እኔ የሮቢት ልጅ ስለሆንኩ ደስ እንዲለኝ ብለው ነው። ያኔ ተርቤ፣ ግሪስ ተቀብቼ፣ ጭነት ላይ እየተኛሁ፣ ደስታ የሚባለው ነገር ገና ወደፊት የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ እሱ ነበር።

በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ መሪ አላስነኩኝም። ለመንኳቸው፣ አኮረፍኳቸው፣ አንዴማ ኮምቦልቻ ላይ ጥያቸው ልሄድ ነበር። "መሪ የያዘ ሰው የሰው ነፍስ ይዟል። አንተ ገና የራስህንም በወጉ አልያዝክም" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

ዘመኑ ሄደ። መኪናው ተሸጠ፣ ጋሼም አርጅተው መንዳት ተዉ። ሚስታቸው የእኛው የቀወት ወረዳ ሰው ስለነበሩ፣ ሚስታቸው ካረፉም በኋላ ጋሼ እዚሁ ሮቢት ቀሩ። እኔም ጉልበቴን ስታመም ወደ አገሬ ገባሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው እንግዲህ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የሾፌሮች ማሠልጠኛ የተከፈተው። ባለቤቱ ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚሉትን ነገር አስገባ። ዓይን ላይ ጥቁር መነጽር ይታሰራል፤ ከዚያ ወዲያ የምታዩት ሁሉ ሌላ ቦታ ነው። የእኛ ማሽን የሚያሳየው የጣርማ በርን መንገድ ነበር። ከአሮጌ የጭነት መኪና የተቆረጠ ጋቢና በአራት የብረት እግሮች ላይ ተሰቅሎ ኮንቴይነር ውስጥ ተቀምጧል። በመነጽሩ ውስጥ መኪናው ሲያጋድል እግሮቹ ጋቢናውን ያጋድሉታል። በመንገዱ ዳር የሚታዩት ሰዎች ሳይቀሩ የእኛው አገር ሰዎች ናቸው፤ ባለሙያዎቹ ሮቢት ገበያ ላይ ድንኳን ተክለው የፈቀደውን ሁሉ ዙሪያውን ፎቶ እያነሱ ነው የሠሯቸው።

ጋሼን ቁልቁለቱን እንዲያስተምሩ፣ እኔን ኮምፒዩተሩን እንድከፍትና እንድዘጋ ቀጠሩን። ጋሼ መነጽሩን መጀመሪያ ያጠለቁ ቀን ዋሻውን አልፈው፣ ኩርባዎቹን አንድ በአንድ ወርደው፣ ደብረ ሲና ሲደርሱ አወለቁት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "ብርዱን ረስተውታል" ብቻ አሉ። እኔም የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጋቢናው ሲናጥ ሰው እንዳይወድቅ በሩ በኤሌክትሪክ ይቆለፋል። የሚከፈተው መኪናው ሲቆም ነው፤ ወይም ሰው ሲገጭ። ሠልጣኙ ሰው ከገጨ ዓይኑ ላይ ሁሉም ነገር ቀይ ይሆናል፣ ማሽኑ ቀጥ ይላል፣ በሩ ይከፈታል። ባለቤቱ አስቦበት ያስደረገው ነው። ሰው የገጨ ሾፌር ወርዶ ማየትን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ይልመድ ይል ነበር።

ያን ዕለት የገበያ ቀን ስለነበር ዘበኛው ወደ ገበያ ወርዷል፤ በግቢው ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነን። ሦስተኛዋ ዘሃራ ናት፣ የካራቆሬ ልጅ። አባቷ ሚኒባስ ይነዳሉ፤ እሷ ግን ተሳቢ ካልሆነ አልነዳም ብላ የመጣች ደፋር ናት። አስም አለባት። አፏ ውስጥ የምትነፋውን መድኃኒት ከስልኳ ጋር በቦርሳዋ አድርጋ ውጭ መደርደሪያ ላይ አኖረችው፤ ጋቢናው ሲናጥ ዕቃ ስለሚወረወር ይዞ መግባት ክልክል ነበር። ውጭ እንድታኖረው ያደረግኳት እኔ ነኝ። የእኔና የጋሼ ስልክም እዚያው ቀረ።

የዕለቱ ትምህርት ፍሬን እንቢ ሲል የሚደረገው ነበር። ጋሼ መሪውን ያዙ፣ ዘሃራ መሃል ተቀመጠች። እኔ እንደ ሕጉ ውጭ ኮምፒዩተሩ ጋ መቅረት ነበረብኝ። ጋሼ ባዶውን የቀኝ ወንበር አዩና "ረዳት የሌለው መኪና ከጣርማ በር አይወርድም" አሉ። በድሮው ሥራችን እንዲህ ነው፤ ረዳቱ ሳይሳፈር ሞተር አይነሳም። ሕጉን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ግን ያ ወንበር ስንት ዓመት ናፍቆኛል መሰላችሁ። ማሽኑን አስነሳሁ፣ ሙቀት እንዳይገባ የኮንቴይነሩን በር ዘጋሁና ዘልዬ ገባሁ። ሦስታችንም መነጽር አጠለቅን።

የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች እስክሞት አልረሳቸውም። ዋሻው፣ ጉሙ፣ የገደሉ አፋፍ፣ ሁሉም እንደ ድሮው። እኔም ሳላስበው "ቀኙ ነፃ ነው ጋሼ፣ ና ና ና፣ በቃ" ማለት ጀመርኩ። ዘሃራ ትስቃለች። ጋሼም ዝም በል አላሉኝም። ሽማግሌ መሆናችንን ረሳነው።

ከሦስተኛው ኩርባ በኋላ ፍሬኑ እንደ ትምህርቱ እንቢ አለ። ጋሼ እያስረዷት ማርሽ ቀነሱ፤ ማርሹ አልገባም። "ይሄ የለበትም" አሉ ቀስ ብለው። እንደገና ሞከሩ፣ አልገባም። የእጅ ፍሬኑም አይዝም። እንዲህ ያለ ጊዜ ሾፌር የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ገደሉን ሸሽቶ ከተራራው ጋር መላተም ነው። "ያዙ" አሉንና መሪውን ወደ ተራራው ሰበሩት። መኪናው ተራራውን አልፎት ሄደ። ድንጋዩ ውስጥ ገብተን ወጣንና ዋሻው አፍ ላይ ራሳችንን አገኘነው፤ ቁልቁለቱ እንደገና ጀመረ።

ከመሪው አጠገብ ያለውን ቀይ ማጥፊያ መታሁት። ምንም የለም። መነጽሬን አወለቅኩ። ጨለማ ነው፤ መስኮቶቹ ከውጭ በላሜራ ተሸፍነዋል። ማቀዝቀዣው ፀጥ ብሏል። ሞተሮቹ ያጓራሉ፣ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ቀበቶዬን ፈትቼ በሩን በትከሻዬ ልመታ ስነሳ ጋቢናው ወረወረኝና ጣሪያው ጋር ተላተምኩ። ቀበቶዬን መልሼ አሰርኩ፣ መነጽሬንም አጠለቅኩ። ማሽኑን ውጭ ሆኖ የሚያጠፋው ሰው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ውስጥ ነኝ።

በሁለተኛው ዙር ኩርባውን ስተን ገደል ገባን። በመነጽር ውስጥ ገደል መግባት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። እግሮቹ ጋቢናውን ወደ ላይ ሰቅለው ለቀቁት፤ የፊት አንዱ እግር ሲታጠፍ ሰማነው። ቀበቶው ደረቴን ሰነጠቀው ብል ይቀለኛል። ከዚያም እንደገና ዋሻው አፍ ላይ ነን። ሌላ እንዲህ ያለ አወዳደቅ እንደማንችል ሦስታችንም አወቅን።

ስለዚህ ጋሼ ነዱ። ፍሬን የሌለው፣ ማርሽ የማይቀንስ መኪና ይዘው በዚያ ቁልቁለት እስከ ደብረ ሲና ወረዱ። ደብረ ሲና ስንደርስ ማሽኑ መልሶ ዋሻው አፍ ላይ ያስቀምጠናል፤ እንደገና ይወርዳሉ። በየኩርባው አገዳ የተሸከመች ሴት አለች፣ በጎች አሉ፣ ቆሎ ሻጮች አሉ። ለሁሉም መንገድ ይለቃሉ። እኔ ርቀቱን እጠራለሁ፣ እሳቸው ያዞራሉ። እፍረት የለኝም፣ እውነቱን ልናገር፤ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል፣ ላብ አጥምቆኝ፣ "እኚህን ሰው ነበር እኮ የማውቃቸው" እያልኩ ልቤ በኩራት ሞላ።

በስንተኛው ዙር እንደሆነ አላውቅም፣ የዘሃራን ትንፋሽ ሰማሁት። ያፏጫል። በዳበሳ እጇን ያዝኩ፣ በረዶ ሆኗል። "ዘሃራ፣ ምን ተሰማሽ?" አልኳት።

"መድኃኒቴ..." አለች፤ ቃሉን ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ተነፈሰች። "ያ አላህ፣ አየሩ አልበቃኝም።"

አሁን ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፣ የሮቢት ቀትር ነው፤ ያውም በተዘጋ የብረት ሣጥን ውስጥ። ዘበኛው እስኪመለስ ሰዓታት አሉ። ዘሃራ ያን ያህል እንደማትቆይ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ያኔ ነው በሩ በምን እንደሚከፈት ትዝ ያለኝ። መቆም አልቻልንም። የቀረው አንድ ነገር ነው። በዚህ ትምህርት ላይ ደግሞ ተጋጭተን የምንቆምበት ሌላ መኪና የለም።

"ጋሼ፣ ሴትዮዋን ይግጯት" አልኳቸው።

"ማንን?"

"ባለ አገዳዋን። ከገጨን ማሽኑ ይቆማል፣ በሩም ይከፈታል። ሥዕል ናት እኮ።"

"ሥዕል መሆኗን አውቃለሁ" አሉ፤ "ልጅቷም እየሞተች መሆኑን ሰምቻለሁ። እሺ።"

ዋሻውን አለፍን። ኩርባውን ስንዞር ሴትዮዋ አለች፤ ጀርባዋ ወደ እኛ ነው፣ የማሽላ አገዳ ተሸክማ ቀስ ብላ ትሻገራለች። ጋሼ ቀጥ ብለው ሄዱባት። ልንደርስባት ስንል መኪናው ወደ ግራ ተሰበረና ለጥቂት ገደሉን ስተን አለፍን። በሚቀጥለው ዙር እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ሳቷት።

"እጄ እንቢ አለኝ ደምሴ" አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሳይነኩ የነዱ ሰው ናቸው። "አርባ ዓመት ያስለመድኩትን እጅ ዛሬ ምን ብዬ ልዘዘው?"

የዘሃራ ጭንቅላት ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ስጠራት አትመልስም። ስለዚህ በሕይወቴ መጀመሪያ ጊዜ መሪ ያዝኩ። በዘሃራ ላይ ተሻግሬ ጎትቼ ያዝኩት። ጋሼ "ተው" አሉኝ፣ መሪውን ወደ ራሳቸው ይስባሉ፤ በስተርጅናም ክንዳቸው ብርቱ ነው። ሴትዮዋ ታየች። በክርኔ ደረታቸውን ገፋኋቸውና መሪውን ቀጥ አደረግኩት። የመጨረሻዋ ቅጽበት ላይ ፊቷን ወደ እኛ አዞረች። የማላውቃት፣ ደግ ፊት ያላት፣ በዕድሜ የገፋች ሴት ናት። ከዚያ ሁሉም ቀይ ሆነ፣ ሞተሮቹ ዝም አሉ፣ በሩም ተከፈተ።

ዘሃራን ተሸክሜ ኒም ዛፍ ሥር አስተኛኋት፣ መድኃኒቷን አፏ ውስጥ ነፋሁላት። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ላይ ደረቷ ተከፈተ። "አልሃምዱሊላህ" ስትል እኔም አጠገቧ መሬት ላይ ዘጭ አልኩ። ጋሼ ግን አጠገባችን አልነበሩም። ዞር ብዬ ሳይ ጋቢናው ፊት ለፊት ቆመው መሬቱን እያዩ ነው፤ ሰው የገጨ ሾፌር ወርዶ እንደሚያየው። ሳያናግሩኝ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሦስት ቀን ሙሉ አላናገሩኝም። በራቸው ላይ ብቆምም አልተከፈተልኝም። በክርኔ ስለገፋኋቸው የተቀየሙኝ መሰለኝ። በአራተኛው ቀን በጠዋት ራሳቸው መጡ፤ ጋቢ ለብሰዋል፣ ሼህ ሰይድ የሚባሉ የሠፈራችን ሽማግሌ አብረዋቸው አሉ።

"ተነስ እንሂድ" አሉኝ። ወዴት ብላቸው "ሰው ገጭተን እጃችንን አጣጥፈን ልንቀመጥ ነው?" አሉ። ለካ ሦስቱን ቀን ባለ ፎቶዋን ሲያፈላልጉ ነው የከረሙት። እትዬ ዘነበች ይባላሉ፣ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ባለች መንደር የሚኖሩ ማሾ ገበሬ ናቸው። ልስቅ ነበር፣ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። ሼህ ሰይድም "የሰው መልክ ነው የመታችሁት፤ ባለቤቷን አፉ ማስባል ነውር የለውም" አሉ። ስንደርስ ጋሼ ከመንገዱ ሁለት ድንጋይ አነሱ። አንዱን በእኔ ትከሻ አኖሩ፣ አንዱን በራሳቸው። ይቅርታ የሚለምን በዳይ እንዲህ ነው የሚቀርበው። እርስዎ አልገጩ፣ ለምን ይሸከማሉ ብላቸው "መሪው የእኔ ነበር" አሉኝ።

እትዬ ዘነበች ማሾ እያበጠሩ ነበር። ከበሩ ላይ ድንጋይ ተሸክመን አንገታችንን ደፍተን ሲያዩን ሰፌዱ ከእጃቸው ወደቀ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ሼህ ሰይድ ነገሩን ከሥር ጀምረው አስረዱ፤ ስለ መነጽሩ፣ ስለ ማሽኑ፣ ስለ ልጅቷ ትንፋሽ። እትዬ ዘነበች ነገሩ ሲገባቸው ሳቁ። ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመሩ፤ ምን እንዳደረግናቸው ግራ ገባን።

ወደ እኔ ቀረብ አሉ። "ስትገጨኝ ምን አልኩ?" ብለው ጠየቁኝ።

"ምንም አላሉም እትዬ። ዞር ብለው አዩን፣ አለቀ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "የእኔ ባለቤት ከማሳ ሲመለስ እዚህ አስፋልቱ ላይ መኪና ገጨው። የገጨው ሾፌር ጥሎት ሄደ። ሰው ያገኘው ሲነጋ ነው። ውሃ ጠይቆ እንደሆነ፣ ስሜን ጠርቶ እንደሆነ የሚያውቅ ያ ሰው ብቻ ነው። አሁን ድንጋይ ተሸክማችሁ ሳያችሁ እሱ መጣልኝ ብዬ ነበር።"

ድንጋዩን ከጋሼ ትከሻ ላይ በእጃቸው አወረዱት፣ ቀጥሎ የእኔን። "ይቅር ብያለሁ፤ ቢያንስ እናንተ መጣችሁ" አሉ። ቤት አግብተው የማሾ ክክ አበሉን። ስንመለስ ጋሼ መንገዱን ሁሉ ስለ ድሮ ጉዟችን ሲያወሩ ዋሉ፤ እኔ ዝም አልኩ።

ጋሼ ወርቅነህ ዛሬ የሉም። ባለፈው ክረምት አርፈዋል፤ ከቀብራቸው ስመለስ የቆላው አየር ፊቴን ሲመታኝ ሰው የሚኖርበት አገር ገባን የሚለኝ አልነበረም። ዘሃራ ተሳቢዋን እየነዳች ወደ ጅቡቲ ትመላለሳለች፣ ሮቢት ስታድር ትጠይቀኛለች። እኔ ማሠልጠኛውን ትቻለሁ። ለረጅም ጊዜ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው በደሉን ለማውረድ፣ ለራሱ ሲል ይመስለኝ ነበር። መሳሳቴ የገባኝ እትዬ ዘነበች በር ላይ ነው።

አንባቢዎቼ፣ ታሪኩን እዚህ ድረስ የነገርኳችሁ ለእናንተ ብቻ ብዬ አይደለም። ምናልባት ከእናንተ መካከል አንዱ ያ ሾፌር ይሆናል። ወንድሜ፣ ከሮቢ ወንዝ ማዶ እትዬ ዘነበች ብለህ ብትጠይቅ የማያሳይህ ሰው የለም። ድንጋይ ካፈርክ ሳትሸከም ና፤ እኔም ከፈለግክ አብሬህ እሄዳለሁ። ሴትዮዋ ከአንተ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው። ውሃ ጠይቆ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ንገራቸው።